ባቡር የሚጠብቅ ሐዲድ፦ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር ጉዳይ

ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ ጀርባው ያበራል። መንኮራኩሩ ሲፍቀው ስለሚውል ዝገት የሚቀመጥበት ፋታ አያገኝም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ተሳለ ቢላዋ ከሩቅ ይታያል። ኮምቦልቻ ከተማ ዳር ያለው ሐዲድ ግን እንዲህ አይደለም። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ሳብሰው የበርበሬ መልክ ያለው ብናኝ ያዘኝ። ከሥሩ የተነጠፈው ጠጠር ገና ሹልነቱ አልዶለዶመም፤ ሐዲዱን የተሸከሙት የኮንክሪት ተጋዳሚዎችም ስንጥቅ አልነካቸውም። በጠጠሩ መካከል ግን ሰርዶ ሥር ሰዷል፤ ለፍየል የሚበቃ ቅጠልም አብቅሏል።

እዚያው አጠገብ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ማስታወሻ ደብተሬን አይተው የባቡር ሰው መሰልኳቸው። እንደ አገሩ ደንብ ሰላምታው ረዘም ብሎ፣ ልጁም ከብቱም ዝናቡም ተጠይቆ ካበቃ በኋላ፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ መቼ ነው የሚመጣ?» አሉኝ። «አባቴ፣ እኔም ይህንኑ ለመጻፍ ነው የመጣሁ» አልኳቸው። በጉብዝናቸው ዘመን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት እንደነበሩ ያጫወቱኝ ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ባቡር ጉዳይ ከዚያ መንገድ ተነጥሎ ስለማይታይ እኔም ከእሱ እጀምራለሁ። በመንገድ ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ነገሩን የማየው በዚያ ዓይን ነው።

የአሰብ በር

ወሎ በካርታ ላይ ሲታይ ለባሕር ቅርብ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ደሴንና ኮምቦልቻን በባቲና በሚሌ በኩል ከአሰብ ጋር ያገናኘው መንገድ ይህን ቅርበት ተጠቅሞበታል። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ነዳጅና ሸቀጥ በብዛት ይጫን የነበረው በዚያው መስመር ነበር። ኮምቦልቻ የሹፌር ከተማ ሆነች፤ ጋራዡም ሆቴሉም ጎሚስታውም የአሰብን መንገድ ተከትሎ መጣ። የባቲ ሰኞ ገበያም ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኝበት፣ ግመልና ጨው ከእህልና ከልብስ ጋር የሚለዋወጥበት በር ነበር፤ ዛሬም ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ግን መጥፎ ትዝታም አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ሕዝብ በኮረምና በሌሎች መጠለያዎች ሲረግፍ፣ እህል በመርከብ አሰብ ከደረሰ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው መኪና ያጥር ነበር። ወደብ ላይ የተከመረ ስንዴ ባለበት አገር ሰው ተርቦ ሞተ። አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና በአንድ ጉዞ 40 ቶን ያህል ይጭናል። 2,000 ቶን የሚጎትት አንድ ባቡር የ50 መኪና ሥራ ይሠራል። ይህን ስሌት ወሎ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው እንደ ኢኮኖሚስት ብቻ ሆኖ ሊሠራው አይችልም፤ እኔም አልቻልኩም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ወሎ ከሚሌ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ቀረለት። ኮምቦልቻ ከዋናው የጭነት መስመር ዳር ወጣች።

መስመሩ እንዴት ታሰበ

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽንን ሲያቋቁም፣ በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ደግሞ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ ሐዲድ ለመዘርጋት ሲያልም፣ ሰሜን ምሥራቁን የሚያነሳው ክንፍ ይህ ነበር። ከአዋሽ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ተገንጥሎ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ከዚያም ወደ ሰሜን ቀጥሎ ከወልድያ በታች ባለው ቆላ ሃራ ገበያ ይደርሳል። ሃራ ገበያ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ሊወጣለት ታስቦ ነበር፤ አንዱ ወደ መቀሌ፣ ሌላው በሰመራና በአሳይታ በኩል የአፋርን በረሃ ሰንጥቆ ወደ ታጁራ ወደብ።

አንባቢ ይህን የታጁራ ቅርንጫፍ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከአዋሽ እስከ ሃራ ገበያ ያለው ርዝመት ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 270፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 120። ውሉ በሰኔ 2004 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ ከተባለው የቱርክ ኩባንያ ጋር ወደ 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተፈረመ። ብድሩ ከቱርክ ኤክዚም ባንክና ክሬዲት ስዊስ የተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ ካስተባበራቸው የአውሮፓ አበዳሪዎች ተገኘ። የብድሩ ጉዳይ እስኪያልቅ ጊዜ ወስዶ ግንባታው በይፋ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው።

ባቡር ደሴን ለምን ዘለላት

ወሎዬ ስለዚህ መስመር ሲያወራ ቶሎ የሚመጣው ቅሬታ ይህ ነው፦ ደሴ የምታህል ከተማ እያለች ባቡሩ ለምን ኮምቦልቻ ላይ ቀረ? ሌላው ደግሞ «የወልድያ መስመር» እየተባለ ስለምን ሃራ ገበያ ሜዳ ላይ ይቆማል ይላል። ብዙዎች ፖለቲካ ይመስላቸዋል። መልሱ ግን ተራራው ራሱ ላይ ስለተጻፈ ዘርዘር አድርጌ ልናገረው።

የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ተቃውሞ ትንሽ ነው። በሜዳ ላይ አንድ ቶን ለመጎተት ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ጉልበት ይበቃል። የባቡር ሀብቱ ይኸው ነው። ዳገት ላይ ግን ይህ ሀብት ይከዳዋል። በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ለዚያው አንድ ቶን ተጨማሪ አሥር ኪሎ ግራም ይጠይቃል፤ በየመቶው ሁለት ሜትር ከሆነ ሃያ። ለዓይን ዳገት የማይመስል ተዳፋት የባቡሩን ሸክም አሥር እጥፍ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው መኪና የሚወጣውን ዳገት ባቡር የማይወጣው።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በ270 ኪሎ ሜትር ውስጥ 850 ሜትር መውጣት፣ ውጣ ውረዱ በሸለቆ በሸለቆ ተከፋፍሎ ከተሠራ፣ የሚቻል ነው። የቦርከና ሸለቆም ለዚህ መንገድ ያበጃል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ግን የሐረጎ ዳገት አለ። ሐረጎን በክረምት ጭጋግ ውስጥ በመኪና የወጣ ሰው የምለውን ያውቃል፤ አንድ ጎን ግድግዳ፣ ሌላው ጎን ገደል፣ በመካከሉ እያቃሰተ የሚወጣ ተሳቢ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። 650 ሜትር በሁለት በመቶ ዳገት ለመውጣት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ በዚያ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ መዘርጋት አለበት፤ ከዚያም ወደ ሐይቅ ለመሄድ የወጣውን ሁሉ መልሶ መውረድ። በዚህ ላይ ለዘላለሙ እያንዳንዱ ባቡር የዚያን ዳገት ዋጋ ሲከፍል ይኖራል። መሐንዲሶቹ ደሴን ከላይ ትተው ተራራውን በዋሻና በድልድይ ማለፋቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የወልድያም ነገር እንደዚያው ነው፤ ከተማዋ ተራራው ወገብ ላይ ናት፣ ሐዲዱ ከሥሯ ቆላውን ይዞ ያልፋል።

መስመሩ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተወሰነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ዳገት ላይ ከናፍጣው ይበረታል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ኃይል አመንጪ ሆኖ ፍሬኑን ያግዛል። ነዳጅ በዶላር ለምትገዛና ኃይሏን ከወንዞቿ ለምታገኝ አገር ምርጫው አያከራክርም። የሐዲዱ ስፋትም የኤሌክትሪኩ ኃይልም ከአዲስ አበባ–ጅቡቲው ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር፣ በሽቦው ላይ 25 ኪሎ ቮልት። ከጅቡቲ የተነሳ ፉርጎ አዋሽ ላይ ጭነቱን ሳያራግፍ ኮምቦልቻ መግባት ይችላል ማለት ነው። በወረቀት ላይ።

ሐዲዱ ደረሰ፣ ባቡሩ ቀረ

በ2011 ዓ.ም. አካባቢ የአዋሽ–ኮምቦልቻው ክፍል ግንባታ ለመጠናቀቅ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም.፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ደረቅ ወደቡም እዚያው ነበር። ፋብሪካ፣ ደረቅ ወደብ፣ ሐዲድ በአንድ ከተማ ተገናኙ። የከተማው መሬት ዋጋ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደወጣ የኮምቦልቻ ሰው ያስታውሳል።

የጎደለው ሁለት ነገር ነበር። ከሐዲዱ በላይ ለተዘረጋው ሽቦ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከሐዲዱ እኩል አልደረሰም። በሽቦው ሥር የሚሄዱት ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎችም ከግንባታው እኩል አልተገዙም። ሐዲድ የሚዘረጋው አንድ አካል፣ ኃይል የሚያቀርበው ሌላ፣ ለግዥው የውጭ ምንዛሪ የሚፈቅደው ሌላ ነው። ለሐዲዱ ብድር ሲፈረም ለቀሩት ሁለቱ የሚሆን ገንዘብ በዚያው ቀን፣ በዚያው ውል አልታሰረም። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። አገሪቱ የገዛችው የትራንስፖርት አገልግሎት አልነበረም፤ ሐዲድ ነበር። ሐዲድ ደግሞ ብቻውን ከሆነ እጅግ ውድ አጥር ነው፤ ከብት ከግጦሽ፣ ሰው ከማሳው የሚለይ።

ከጎኑ ያለውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ማየት ይረዳል። እሱን የቻይና ኩባንያዎች ሲገነቡት ባቡሮቹም አብረው መጡ፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያንቀሳቅሱትም እነሱው እንዲሆኑ ተዋዋሉ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ሁሉ ነገር ተሟልቶለት እንኳ ከምረቃ እስከ ሥራ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። የእኛው መስመር ያ ሁሉ ሳይኖረው ይነሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነበር፤ እኔም ከዋሆቹ አንዱ ነበርኩ።

የዘገየው ነገር ሳይሟላ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የትግራዩ ጦርነት ሲጀመር፣ ከሃራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚወጣውና የቻይና ኩባንያ ይሠራው የነበረው ቅርንጫፍ ቆመ። በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ በመስመሩ ላይ ያለችው አጣዬ ነደደች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አጥለቀለቀ፤ ከተሞቹ ከአንድ ወር በላይ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። የባቡሩ የግንባታ ካምፖችና ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። የከተማው ፋብሪካዎችም ከዚህ አላመለጡም። ከዚያም በኋላ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሐዲዱ ዝም ብሎ ተኝቷል።

ብዙ ሰው ባቡሩን ያስቀረው ጦርነቱ ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጦርነቱ ዋጋውን አናረው፣ ጊዜውን አራዘመው፤ ሐዲዱ ያለ ባቡር የቆመው ግን አንድ ጥይት ሳይተኮስ በፊት ነው። ይህን ካልለየን ሰላም ሲወርድ ባቡሩ በራሱ የሚመጣ ይመስለናል።

ክርኑ

አሁን ወደ ታጁራ ልመለስ። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚደርሰው የመኪና መንገድ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባቡር ለመሄድ ግን መጀመሪያ 270 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ አዋሽ መውረድ፣ ከዚያ እንደ ክርን ታጥፎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ መሄድ ያስፈልጋል። በድምሩ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኮምቦልቻ ነጋዴ በቀጥታ የሚሄድ መኪና በር ላይ ቆሞለት እያለ ስለምን በክርኑ ይዞራል?

መልሱ መስመሩ ሲታቀድ ታስቦ ነበር፤ ከሃራ ገበያ በሰመራ ወደ ታጁራ የሚወርደው ቅርንጫፍ ለወሎም ለትግራይም አጭሩ የባሕር መንገድ ይሆናል ተብሎ። ጅቡቲ የታጁራን ወደብ በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከፍታለች። የአሳይታና የታጁራ ሐዲድ ግን አልተዘረጋም። ስለዚህ በእጃችን ያለው የትልቅ መረብ አንድ ቁራጭ ነው፤ የቀረው መረብ ባልተሠራበት ጊዜ ብቻውን ሒሳቡ እንዲወጣ ሆኖ አልተቀመረም።

ይህ ማለት ግን ቁራጩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ርቀት ብቻውን ዋጋ አይወስንም። ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረታ ብረትና ነዳጅ የመሳሰሉ ከባድና የማይቸኩሉ ጭነቶች በባቡር 800 ኪሎ ሜትር ተጉዘው በመኪና 500 ከሚጓዙት ሊረክሱ ይችላሉ፤ ፉርጎው ሞልቶ ከሄደና ባዶውን ካልተመለሰ። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ከወሎ ወደ ታች የሚጫነው የኢንዱስትሪ ፓርኩ አልባሳት፣ የቃሉ ወረዳና የአካባቢው ማሾ፣ የቁም ከብት ነው፤ ይህ ከሚገባው ጋር በክብደት አይመጣጠንም። ለዚህ የተዘጋጀ ጥናት ሳይኖር ሎኮሞቲቭ መግዛት የመጀመሪያውን ስህተት በሌላ መልክ መድገም ይሆናል።

ከየት ይጀመር

እኔን ቢጠይቁኝ የምመልሰው የማያስደስት መልስ ነው። ከሃራ ገበያ አልጀምርም፤ ከመንገደኛ ባቡርም አልጀምርም፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ በሙሉ እስኪሟላም አልጠብቅም። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ብቻ፣ በጥቂት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ በጭነት ብቻ እጀምራለሁ። ናፍጣ ዳገት ላይ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ባቡሩ አጭር ይሁን፣ ይዘግይ። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ማዳበሪያና እህል ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ያውጣ። ማዳበሪያ ገበያው በየዓመቱ የሚታወቅ፣ ወቅቱ የሚታወቅ፣ ገዢው የሚታወቅ ጭነት ነው፤ ለጀማሪ ባቡር ከዚህ የተሻለ ደንበኛ አይገኝም። ኃይሉ ሲመጣ ሽቦው አለ፤ ባቡሩን መለወጥ ነው።

ለዚህ የምቸኩልበት ምክንያት ገንዘብ ብቻ አይደለም። የቆመ ሐዲድ እንደ ቆመ ቤት ነው፤ ሰው ካልገባበት ይፈርሳል። ክረምት ሲገባ የጀውሃ፣ የአጣዬና የቦርከና ወንዞች ከጋራው ላይ አሸዋና ድንጋይ ይዘው ይወርዳሉ። ከሐዲዱ ሥር ያሉት ቱቦዎች ለዚያ ውኃ የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ካልተጠረጉ አፋቸው ይደፈናል። ቱቦ ሲደፈን ውኃው በጠጠሩ ላይ ይዘላል፣ ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል፣ ሐዲዱ ሥሩ ባዶ ሆኖ ይንጠለጠላል። ከኮምቦልቻ ወጣ ብዬ ያየሁት አንድ ቱቦ ወገቡ ድረስ በአሸዋ ተሞልቶ ነበር። አንድ ቀን አምስት ሰው አካፋ ይዞ ቢውል የሚያልቅ ሥራ ነው። የመዳብ ሽቦም ኃይል እስካልያዘ ድረስ ለሌባ የተሰቀለ ገንዘብ ነው። መጠበቅ የሚቻለው የሚንቀሳቀስን መስመር ነው፤ በየጊዜው ባቡር የሚያልፍበት መስመር ጠባቂው ባቡሩ ራሱ ይሆናል።

መሬታቸውን ለሐዲዱ የለቀቁ ገበሬዎች፣ በከሚሴና በጨፋ ሜዳ ከብት የሚያግዱ አርብቶ አደሮችም የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች ናቸው። ግጦሹን ለሁለት የከፈለው መስመር መሻገሪያዎቹ የት እንደሆኑ፣ ባቡር ሲጀመር ከብት እንዴት እንደሚያልፍ ከእነሱ ጋር መነጋገር ከመጀመሪያው ባቡር መቅደም አለበት። ለዓመታት ባዶ ሐዲድ የለመደ ከብትና ልጅ ድምፁ ሳይሰማ የሚመጣ ባቡር አያውቅም።

እኚያ አባት ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ ባቡሩ ሲመጣ ከብቶቹን በየት በኩል አሻግራቸዋለሁ? ከእሳቸው በረት በኩል ያለው መሻገሪያ የቱ እንደሆነ አብረን ሄደን አየነው። በሐዲዱ ሥር የሚያልፍ፣ ቁመቱ ለበሬ የሚበቃ የኮንክሪት መተላለፊያ ነው። ግማሹ አሸዋ ሞልቶታል። እሳቸው በበትራቸው የአሸዋውን ጥልቀት ለኩልኝ፤ እስከ ጉልበታቸው ነበር።